የቆየ ቁስል ትዳር ውስጥ ሲገባ፦ ደረጃ በደረጃ ምን ማድረግ ይቻላል?

በልጅነቱ ለዓመታት የተደበደበ፣ የተናቀ ወይም በፍርሃት ያደገ ሰው፣ አድጎ ሲያፈቅር ያ ሁሉ ከኋላው የቀረ ይመስለዋል። ሥራ ይዟል፣ ጎጆ ወጥቷል፣ የሚወደው ሰው አጠገቡ አለ። ሆኖም ሚስቱ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ ስታደርግ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። በሌላ ቤት ደግሞ ባል ለሁለት ሰዓት ስልክ ሳያነሳ ሲቀር፣ ሚስት «በቃ ትቶኛል» ብላ ታለቅሳለች። ጠቡ የስልክ ወይም የድምፅ ጠብ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከትዳሩ በፊት የበቀለ ነው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ቁስል ይዘው ለሚኖሩ ባለትዳሮችና ፍቅረኞች፣ እነሱን ለሚወዱም ጭምር የተዘጋጀ ነው። ከላይ እስከ ታች የሚያያይዘው አንድ እምነት አለ። ሰው ያፈረሰው መተማመን የሚታነጸው ከሰው ጋር ነው፤ የሚያንጹትም በየቀኑ የሚደጋገሙና አስቀድመው የሚታወቁ ትንንሽ ተግባራት ናቸው። ትልልቅ ቃል ኪዳንና ስጦታ የእነዚህን ቦታ አይተኩም።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

አንድ የመኪና አደጋ ወይም አንድ የዘረፋ ምሽት የሚተወው ጠባሳ አለ። ለዓመታት የተደጋገመ፣ ማምለጫ የሌለው፣ ብዙ ጊዜም ጠባቂ መሆን በነበረበት ሰው የሚፈጸም በደል የሚተወው ጠባሳ ግን ከዚህ ይለያል። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህ ልዩነት የራሱ ስም ሊሰጠው ይገባል ብላ ተከራከረች። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ «ውስብስብ የድኅረ ትራውማ ጭንቀት»ን (ትራውማ ማለት ከባድ መከራ በአእምሮ ላይ የሚተወው ቁስል ነው) ራሱን እንደቻለ ሕመም አስገብቶታል።

በዚህ ምደባ ሕመሙ ስድስት ገጽታዎች አሉት። ሦስቱ በማንኛውም የድኅረ ትራውማ ጭንቀት የሚታዩ ናቸው፦ ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ ተመልሶ መምጣቱ፣ እሱን ከሚያስታውስ ነገር ሁሉ መሸሽ፣ አደጋ ደጅ ላይ እንዳለ ሁልጊዜ ነቅቶ መጠበቅ። ሌሎቹ ሦስቱ የውስብስቡ ጉዳት መለያዎች ናቸው፦ ስሜትን መቆጣጠር አለመቻል፣ ራስን እንደ ከንቱና እንደ ጥፋተኛ መቁጠር፣ ከሰው ጋር ተቀራርቦ መኖር መቸገር። ጉዳቱ ከየትኛውም ቦታ በላይ በፍቅር ውስጥ የሚገለጠው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ሦስት ምክንያት ነው።

በአገራችን ይህን ሸክም የተሸከሙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። «ትማር» ተብላ ከገጠር ወደ ዘመድ ቤት ተልካ እንደ ሠራተኛ ያደገች ልጅ አለች። በቀበቶ እየተገረፈ «ለጥቅምህ ነው» የተባለ ልጅ አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወላጆቻቸውን ያጡ፣ የሱዳንን መንገድ በእግር ተጉዘው እስራኤል የደረሱ፣ በአረብ አገር በአሠሪ ቤት ተዘግቶባቸው ዓመታት ያሳለፉ፣ በቅርብ ዓመታት ጦርነት የተፈናቀሉ አሉ። እርግጥ እነዚህን መከራዎች ያየ ሁሉ አይታመምም። ለታመመው ግን «ያለፈ ነገር ነው፣ እርሳው» የሚለው ምክር መድኃኒት አይሆነውም።

ለምን ፍቅር ላይ ይበረታል?

ሕፃን ሲፈራ የሚሮጠው ወደ አሳዳጊው ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቦውልቢና ከእሱ ጋር የሠራችው ሜሪ ኤንስዎርዝ ይህ ትስስር የልጁን በሰው የማመን አቅም እንደሚቀርጽ አሳይተዋል። የሚያስፈራውም የሚያጽናናውም አንድ ሰው ሲሆን ግን ልጁ መላው ይጠፋበታል፦ ቢቀርብ ይመታል፣ ቢርቅ ብቻውን ይቀራል። ይህ ልጅ ሲያድግ ፍቅርን ይናፍቃል፤ ፍቅር ሲቀርበው ደግሞ ይሸሻል። አጋሩም «ትላንት አብረን ስንስቅ አምሽተን ዛሬ ምን ነካው?» እያለ ግራ ይጋባል።

በአንጎል ውስጥ አደጋን የሚያሸተው አሚግዳላ የተባለው ክፍል በዚህ ሰው ላይ ለትንሽ ምልክት ይነቃል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ አመዛዛኙ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ወደ ኋላ ይላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው። ልጡን ለሚያየው አጋር ድንጋጤው ትርጉም የለሽ ይመስላል፤ እባቡን ያየው ሰውነት ግን አልዋሸም።

ድንጋጤው አራት መልክ ሊይዝ ይችላል። አንዱ ቀድሞ መጋጨት ነው። ሁለተኛው መሸሽ ነው፤ በሥራ፣ በስልክ ወይም በመጠጥ ውስጥ መደበቅ። ሦስተኛው መደንዘዝ ነው፤ ሰውየው ተቀምጧል፣ ግን የለም። አራተኛው እሺ ባይነት ነው፤ ጠብ እንዳይነሳ የራስን ፍላጎት ሁሉ መሠዋት። በእኛ ዘንድ ይህ አራተኛው «ጨዋ ናት» ተብሎ ይመሰገናል፣ ሦስተኛውም «ኮስታራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ለዓመታት ሳይታወቅለት ይኖራል።

አንደኛ፦ አደጋው የትናንት መሆኑን ያረጋግጡ

ከሁሉ በፊት ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ። የሚያስፈራኝ የድሮው ትዝታ ነው ወይስ ዛሬ በዚህ ቤት የሚሆነው? አጋርዎ የሚመታዎት፣ የሚያስፈራራዎት፣ ገንዘብዎን ወይም ስልክዎን የሚቆጣጠር፣ ከቤተሰብዎ የሚነጥልዎት ከሆነ ፍርሃትዎ ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎችም ለዚያ ሁኔታ አልተጻፉም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በወንጀልነት ያስቀጣል። «ቻይው፣ ትዳር ነው» የሚል ምክር ይህን አይሽርም። መጀመሪያ ሊያስጠልልዎት የሚችል የታመነ ሰው ያግኙ፤ መታወቂያዎንና የልጆችዎን ሰነዶች በደኅና ቦታ ያስቀምጡ። ድብደባው ሳይቆም ጥንዶች አብረው ለምክር እንዲቀመጡም አይመከርም፤ በዚያ ክፍል የተነገረው እውነት ቤት ሲደረስ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላልና።

የተጎዱት እርስዎ ሆነው እጅዎን የሚያነሱትም እርስዎ ከሆኑ፣ ጉዳትዎ ምክንያቱን ያስረዳ ይሆናል እንጂ ድርጊቱን አይፈቅድም። ለእርስዎም የመጀመሪያው ሥራ ድብደባውን ማቆምና እርዳታ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፦ ቀስቃሾችዎን ይወቁ

ትንሽ ደብተር ይያዙ። ስሜትዎ ከነገሩ መጠን በላይ በፈነዳ ወይም ድንገት በደነዘዙ ቁጥር፣ ሲረጋጉ አራት ነገሮችን ይጻፉ፦

- በትክክል ምን ሆነ? («አቃለለኝ» ሳይሆን «ስናገር ስልኩን እያየ ነበር»)
- ሰውነቴ ምን ተሰማው? (ደረቴ ተጨነቀ፣ እጄ ቀዘቀዘ)
- ለራሴ ምን አልኩ? («ለማንም አልረባም»)
- ይህን ስሜት መጀመሪያ ያወቅሁት መቼ ነው?

አራተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በሩን ይከፍታል። የበር መወርወር የአባትን መምጣት፣ የመጠጥ ሽታ የአጎትን፣ ዝምታ የእናትን ኩርፊያ ሊያስታውስ ይችላል። ለሳምንታት ሲጽፉ የሚደጋገሙት ቀስቃሾች ተለይተው ይወጣሉ። ካወቋቸው በኋላ «አንተ ሁልጊዜ ታቃልለኛለህ» ማለት ቀርቶ «ስናገር ስልክ ስታይ የድሮው ነገር ይመጣብኛል» ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን የሰማ ሰው ስልኩን ለማስቀመጥ ይቀለዋል።

ሦስተኛ፦ ሰውነትዎን ማረጋጋት ይለማመዱ

የተቆጣ ሰውነት ክርክር አይሰማም። ስለዚህ ልምምዱን ሰላም በሆነበት ሰዓት ይጀምሩ፤ በጭንቅ ጊዜ የሚደርስልዎ አስቀድሞ የተለመደው ነው።

ወደ ውስጥ በአፍንጫ ሲተነፍሱ እስከ አራት ይቁጠሩ፤ ሲያስወጡ እስከ ስድስት። ረዘም ያለ የማስወጣት ትንፋሽ የልብን ምት ዝግ ያደርጋል። ከዚያ እግርዎን መሬት ላይ ያሳርፉ፤ የሚያዩትን አምስት ነገር፣ የሚሰሙትን ሦስት ድምፅ ይጥቀሱ። ቀኑን፣ ዕድሜዎንና ያሉበትን ቦታ ለራስዎ ይንገሩ፦ «ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ያለሁት በራሴ ቤት ነው፤ መውጣት እችላለሁ።» ይህ ለሰውነት ዛሬን ከትናንት የሚለይ ማስረጃ ማቅረብ ነው። ከደነዘዙ ደግሞ ተነሥተው ይራመዱ፣ እጅዎን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡ።

አራተኛ፦ ኩርፊያን በውል ይተኩ

በእኛ ቤት ጠብ ብዙ ጊዜ በጩኸት ሳይሆን በኩርፊያ ያልቃል። ሁለት ቀን፣ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሽማግሌ እስኪገባ ድረስ ይቆያል። ችላ ተብሎ ላደገ ሰው ይህ ዝምታ ከስድብ የከፋ ነው፤ እንደ መጣል ይቆጠራልና። በሌላ በኩል ውስጡ እየነደደ ያለን ሰው «አሁኑኑ እንነጋገር» ብሎ መያዝም አይረዳም። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን የልብ ምት በደቂቃ ከ100 በላይ ሲወጣ ሰው በወጉ ማዳመጥ እንደማይችል ያስተምራል፤ ለመረጋጋት ቢያንስ 20 ደቂቃ እንደሚያስፈልግም ይመክራል።

መፍትሔው መመለሻ ሰዓት ያለው እረፍት ነው። በሰላሙ ጊዜ ተቀምጣችሁ እንዲህ ተስማሙ፦

1. ማንኛችንም «እረፍት» ማለት እንችላለን፤ ሌላው ይቀበላል።
2. እረፍት ያለው ሰው መመለሻውን ይናገራል፦ «ተናድጃለሁ፤ አልተውኩሽም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመልሼ እንነጋገራለን።»
3. በእረፍቱ ሰዓት ክሱን እያብላላን አንቆይም፤ እንራመዳለን፣ እንጸልያለን፣ ገላችንን እንታጠባለን።
4. በተባለው ሰዓት እንመለሳለን። ካልተረጋጋን ሌላ ሰዓት እንቀጥራለን።

ከአራቱ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። በተባለው ሰዓት የተመለሰ ሰው፣ ለተጎዳው አጋሩ ከብዙ «እወድሻለሁ» በላይ ይናገራል። ደጋግሞ ሲመለስ ያየ ሰውነት «ይሄ ሰው ሲሄድም ይመለሳል» ብሎ ቀስ በቀስ ያምናል።

አምስተኛ፦ ታሪክዎን በልክ ይንገሩ

ብዙዎች ከሁለት ጽንፍ በአንዱ ይወድቃሉ፦ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ሁሉን መቅበር፣ ወይም በአንድ ሌሊት ሁሉን አፍስሶ በማግስቱ በሐፍረት መሸሽ። መካከለኛው መንገድ ይሻላል። አጋርዎ ማወቅ ያለበት ዝርዝሩን ሳይሆን ፍሬ ነገሩን ነው፦ ምን ዓይነት ነገር ደርሶብኛል፣ ዛሬ በምን ይገለጣል፣ በዚያን ጊዜ ምን ይረዳኛል። ለምሳሌ፦ «ልጅ ሆኜ ብዙ ተመትቻለሁ። ከኋላዬ ድንገት ስትነካኝ እደነግጣለሁ። ስትመጣ ድምፅ አሰማኝ።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ቀሪውን እርስዎ ሲፈልጉ ይነግሩታል፤ ባይነግሩትም መብትዎ ነው።

ሐፍረት ከያዘዎት ይህን ይወቁ። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 በካሊፎርኒያ ከ17,000 በላይ ጎልማሶች ስለ ልጅነታቸው ተጠይቀው ነበር፤ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ዓይነት በደል ወይም የቤት ውስጥ መከራ እንደነበረባቸው ተናግረዋል። ብቻዎን አይደሉም፤ ልጅ የነበረ ሰው ለተፈጸመበት በደልም ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም።

የነገሩት ገበና እንዳይወጣ ግልጽ ስምምነት ይኑር። ለእናት፣ ለእህት፣ ለሽማግሌ የሚነገረውን የሚወስነው የታሪኩ ባለቤት ነው። በጠብ ጊዜ ያንን ታሪክ አንስቶ መውጋት፣ «አንቺ እኮ ድሮም የተበላሸሽ ነሽ» ማለት፣ የዓመታት ሥራን በአንድ አፍታ ያፈርሳል። ይህን ቃል ለሁልጊዜው ከቤታችሁ አውጡት።

ስድስተኛ፦ ስለ መኝታ በግልጽ ተነጋገሩ

ጾታዊ ጥቃት የደረሰበት ሰው አጋሩን እየወደደ ሰውነቱ እምቢ ሊል ይችላል። አጋሩ ይህን «አትወደኝም» ብሎ ይተረጉማል፤ የተጎዳው ደግሞ ግዴታ መስሎት ጥርሱን ነክሶ ይችላል። ሁለቱም ቁስሉን ያሰፋሉ።

ንግግሩን አልጋ ላይ ሳይሆን ቀን፣ ልብስ ለብሳችሁ፣ ምናልባትም በእግር እየሄዳችሁ ጀምሩት። የሚመች ንክኪ የቱ ነው? የማይመችስ? መብራት ይብራ ወይስ ይጥፋ? በማንኛውም ቅጽበት «ይብቃ» ማለት እንደሚቻል፣ ሲባልም ኩርፊያ እንደማይከተል ተስማሙ። ወደ ሌላ ነገር የማያመራ መተቃቀፍ ለብቻው ጊዜ ይኑረው። «ይብቃ» ስትል የተሰማች ሴት፣ ወይም የተሰማ ወንድ፣ ከጊዜ በኋላ በፈቃድ «እሺ» ማለት ይቀለዋል። በወንዶች ላይ የሚፈጸም ጾታዊ ጥቃት በእኛ ዘንድ ብዙም ስለማይነገር፣ ባል ዝም ያለበትን ምክንያት በትዕግሥት መጠየቅም ያስፈልጋል።

ሰባተኛ፦ ከጠብ በኋላ ጠግኑ

ጠብ ይቀራል ብላችሁ አትጠብቁ። የሚለወጠው ከጠብ በኋላ ያለው ነው። በበደል ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ ይቅርታ ሲባል ሰምቶ አያውቅም፤ አዋቂ ሲያጠፋ ልጁ ነበር የሚቀጣው። ስለዚህ በማግስቱ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ሦስት ነገር ተባባሉ፦ እኔ ያደረግሁት ይህ ነው፤ አንተን እንዲህ ጎድቶህ ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ይህን አደርጋለሁ። «ግን አንተም» የሚለውን አትቀጥሉበት። ልጆች ጠቡን አይተው ከሆነ እርቁንም ይዩ፤ ቁስሉ ወደ እነሱ እንዳይተላለፍ ከሚረዱ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ስምንተኛ፦ ባለሙያ ጋር ይሂዱ

ፍቅር ያለው ቤት ይረዳል፤ ሕክምናን ግን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለድኅረ ትራውማ ጭንቀት በትራውማ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምናንና ኢ.ኤም.ዲ.አር. የተባለውን በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዝ ሕክምና ይመክራል። ጁዲት ኸርማን የማገገሚያውን መንገድ በሦስት ምዕራፍ ትከፍለዋለች፦ ደኅንነት፣ ማስታወስና ማዘን፣ ከሰው ጋር ዳግም መገናኘት። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ነገር እንዲያወሩ የሚያስገድድ ባለሙያ ካጋጠመዎት «መጀመሪያ መረጋጋት እፈልጋለሁ» ይበሉ። በትራውማ ላይ ሠርቶ ያውቅ እንደሆነም ይጠይቁት።

አዲስ አበባ ላሉ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ እንደ ጎንደርና ጅማ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል ይገኛል። አማኑኤል መሄድ «ማበድ» አይደለም፤ ሰው ለስኳርና ለደም ግፊት እንደሚታከም ለዚህም ይታከማል። ውጭ አገር ያሉ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅዎን ወይም ዘመድዎን ግን አስተርጓሚ አያድርጉ። በአረብ አገር በሥራ ላይ ያሉ ደግሞ አማርኛ ከሚናገር ባለሙያ ጋር በስልክ ወይም በቪዲዮ መገናኘትን መሞከር ይችላሉ።

ጸሎት፣ ጠበልና ዱዓ ብርታት ከሆኑልዎ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ይቀጥሉ፤ የታዘዘ መድኃኒት ግን ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ። ሽማግሌዎች ባልና ሚስትን ማስታረቅ ያውቁበታል፤ ትራውማን ማከም ግን ሥራቸው አይደለም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያንኑ ቀን ከታመነ ሰው ጋር ሆስፒታል ይሂዱ።

ለአጋር የሚሆን ምክር

የምትወዱት ሰው ሲደነግጥ «ምን ሆነህ ነው?» ከማለት «አሁን ምን ይሻልሃል?» ማለት ይጠቅማል። የምትሉትን አድርጉ፤ የማታደርጉትን አትበሉ። ስትዘገዩ ደውሉ። የጀመራችሁትን ልማድ፣ ለምሳሌ ከሥራ ስትመለሱ አሥር ደቂቃ አብሮ መቀመጥን፣ በክፉም በደጉም ቀን አትተዉ።

አዳኝ ለመሆን ግን አትሞክሩ። የሌላውን ሰው ቁስል ተሸክሞ የራስን እንቅልፍ፣ ጓደኛና ጤና ማጣት ሁለት ሕመምተኛ ይፈጥራል። ወሰን አብጁ፦ «እረዳሃለሁ፤ መሰደብን ግን አልቀበልም።» ይህን የሚል ሰው ጨካኝ አይደለም። ወሰኑ ተረጋግቶ ሲጸና ለተጎዳውም ደኅንነት ይሆናል፤ የት እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ያምናልና።

መሻሻልን በምን ያውቁታል?

ለውጡ በቀጥታ መስመር አይሄድም። ሁለት ወር ሰላም ሆኖ በአንድ በዓል ወይም በአንድ ለቅሶ ሁሉም ነገር ሊመለስ ይችላል። የሚለካው ድንጋጤው መቅረቱ ሳይሆን ከድንጋጤ ወደ ሰላም የሚወስደው ጊዜ ማጠሩ ነው። ሳምንት የነበረው ኩርፊያ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን የነበረው ሁለት ሰዓት ከሆነ ሥራው እየሠራ ነው። «ትቶኛል» ብለው ከማልቀስዎ በፊት «ይህ የድሮው ነው» ማለት ከቻሉ ብዙ ርቀት ተጉዘዋል።

ስምንቱንም በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ ያድርጉ፦ ደብተሩን ይያዙ፣ ከአጋርዎ ጋር ስለ እረፍቱ ውል ተነጋግረው ይስማሙ። ውሉን ጽፋችሁ ሁለታችሁም የምታዩበት ቦታ ለጥፉት። በሚቀጥለው ጠብ ከመካከላችሁ አንዱ በተናገረው ሰዓት ከተመለሰ፣ የሚቀጥለውን ደረጃ ለመጀመር የሚያስፈልጋችሁ መተማመን ማደግ ጀምሯል።